አሥራ ስድስተኛዋ አበባ

ቆዳ መደጎስ፣ ማለትም እርጥብ ቆዳ ላይ በማኅተም ጥለት መምታት፣ ስጀምር አስቸጋሪው ነገር መዶሻ አያያዙ ይመስለኝ ነበር። ለካ አስቸጋሪው ማካፈል ኖሯል! በልጅነቴ «ይህ ደግሞ ለምን ይጠቅመኛል?» ብዬ የናቅኩት ሒሳብ፣ ዓመታት ቆጥሮ በኪስ ቦርሳ ጠርዝ ላይ ጠበቀኝ።

ጠርዙ 95 ሚሊ ሜትር ነው። ጥለቱን የምመታባት አበባ የተቀረጸባት የብረት ማኅተም ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች። ማን ይለካል? ቆዳውን በስፖንጅ አረጠብኩና ከግራ ጥግ ጀምሬ እያንኳኳሁ ነጎድኩ። 15 አበቦች ተሰልፈው 5 ሚሊ ሜትር ተረፈ። አግዳሚ ወንበር ላይ ቀድመው የመጡት ተንሰራፍተው ሲቀመጡ፣ መጨረሻ የደረሰው «ይበቃኛል፣ አትነሡ» እያለ በአንድ ጎኑ ብቻ እንደሚንጠለጠለው ማለት ነው። አሥራ ስድስተኛዋን አበባዬን ጎረቤቷ ላይ አስደግፌ መታኋት። ቆዳ ላጲስ አያውቅም።

ቦርሳውን የሰጠሁት ወዳጄ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሁሉ የሚያምስ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን 15ቱን አበቦች በዝምታ አለፈና አውራ ጣቱን አሥራ ስድስተኛዋ ላይ አሳረፈ። «ይህቺ ምን ሆና ነው?»

ተናድጄ ሥራውን በወጉ ተማርኩ። ማኅተሙን መጀመሪያ ብጣሽ ቆዳ ላይ መትቶ የአሻራውን ስፋት መለካት፣ ርዝመቱን ለዚያ ማካፈል፣ የተረፈውንም ለሁሉም ማከፋፈል ነው። 5 ሚሊ ሜትር ለ15 አበቦች ሲታደል ለአንዷ የሚደርሳት የሚሊ ሜትር ሲሶ ነው፤ ማን ያየዋል? ከዚያ ባለ ሁለት ሹል ኮምፓስ በአንዷ አበባ ስፋትና በዚህችው ሲሶ ድምር ልክ ተከፍቶ በመስመሩ ላይ እግር በእግር ይራመዳል። መጨረሻው ላይ ካለፈ ወይም ካነሰ ብሎኑን በጥቂቱ አዙሮ እንደገና ከመነሻው ነው። ሹሎቹ የሚተዉአቸውን ነጥቦች ማኅተሙ ራሱ ይሸፍናቸዋል። እኔ አራት ጊዜ አራመድኩት፤ ቆዳው ደርቆብኝ ሁለቴ አረጠብኩት።

ሁለተኛውን ቦርሳ የጨረስኩት ለሌላ ጓደኛችን ነበር። 15 አበቦች፣ አንዷ ከሌላዋ ሳትጋፋ! የፊተኛው ወዳጄ ተቀብሎኝ አገላበጠ፤ ጣቱን እያስኬደ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ የራሱን ከኪሱ አውጥቶ ያንኑ ቆጠራ ደገመ።

«የእኔ በአንድ አበባ ይበልጣል» አለና በኩራት ወደ ኪሱ መለሰው።