ይድረስ ለቢሯችን ዲስፕሌይ ድራይቨር (የኮምፒውተራችንን ስክሪን ለሚያሠራው ፕሮግራም)፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ናፍቆቱ የጀመረኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ኮምፒውተሩን ስከፍት የሉም። ዓርብ ማታ በሰላም ነበር የተለያየነው፤ ሳይሰናበቱኝ ይሄዳሉ ብዬ አልጠረጠርኩም።

አንቱታው ለደብዳቤ ወግ ያህል ነው፤ እዚህ ላይ ይብቃን። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔን ሲያሠቃይ ለሰነበተ "አንተ" መባሉም ሲበዛበት ነው።

ስክሪኑ ሲበራ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዓይኔን ነበር። አይኮኖቹ መዳፍ መዳፍ አክለዋል። ፊደሉ ወፍሯል። ክብ የነበረው ሁሉ እንቁላል ሆኗል፤ የድርጅቱ ሎጎ ሳይቀር ሰው የተቀመጠበት ኳስ መስሏል። ሞኒተራችን 1920 በ1080 የሚያሳይ ነው፤ ሲባዛ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ። አንተ ጥለኸን ስትሄድ ቦታህን የሸፈነው ተጠባባቂ ግን 800 በ600 ላይ ሙጭጭ አለ። 480 ሺህ ነጥብ፣ እሱም ወደ ጎን ተለጥጦ። ኤክሴል ስከፍት ግማሹን ስክሪን ሜኑው ወሰደው። የሰው ስም አይቼ ሒሳቡን ለማየት ወደ ቀኝ ስሄድ፣ የማን ሒሳብ እንደነበር ይጠፋኛል። ተመልሼ ስሙን ሳገኝ ደግሞ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ።

ተጠባባቂውን ግን አላማውም። ያገኘው የግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ዕቃ) ላይ ይሠራል፤ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ አፕዴት ልሁን አይልም። ችሎታው ትንሽ ነው እንጂ ጠባዩ ካንተ ይሻላል።

ስምህ እኮ ሲተረጎም ሹፌር ነው። ዊንዶውስ የግራፊክስ ካርዱን ቋንቋ አያውቅም፤ መሀል ገብተህ የምትነዳው አንተ ነህ። እሺ፣ ሹፌርም ሥራ ሲለቅ ቁልፍ አስረክቦ ነው። አንተ ቁልፉን ይዘህ ጠፋህ።

ደግሞስ ማን ጠራህ? ቅዳሜና እሁድ፣ ቢሮው ጭር ባለበት፣ አፕዴት መጣ አሉ። አሮጌውን አንተን አስወጥቶ አዲሱን አንተን ሊያስገባ ሲል መንገድ ላይ ቀረ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኼ ነው። ለመበላሸት የማንንም ፈቃድ አልጠየቅክም። ልጠግንህ ስል ግን "የአድሚን ፓስወርድ አስገባ" አልከኝ።

ምክንያቱን አላጣሁትም። የምትሠራው ከርነል በሚባለው በሲስተሙ ጓዳ ውስጥ ነው። እዚያ የተሳሳተ ነገር ከገባ ኮምፒውተሩ ሥራ አቁሞ ሰማያዊ ስክሪን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እንደ እኔ ያለው ተራ ተጠቃሚ እንዳይነካካህ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። ደግ አደረጉ። የገረመኝ ዘበኛው አንተን ሌሊት አስገብቶ፣ ቀን ላይ እኔን መታወቂያ መጠየቁ ነው።

ይኼ ሁሉ በግል ኮምፒውተሬ ላይ ቢሆን ደብዳቤም ባልጻፍኩልህ። ማሽኑ የአራት ሰው ነው። ሁላችንም የየራሳችን አካውንት አለን፣ የየራሳችን ዎልፔፐር አለን፤ አንተ ግን ለማሽኑ በሙሉ አንድ ነህ። አንተ ስትታመም አራታችንም እንተኛለን። በጋራ ኮምፒውተር ሕግ ደግሞ ጥፋተኛ ማለት መጨረሻ ላይ ሎግ አውት ያደረገ ሰው ነው። ዓርብ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሰኞ ረፋድ ላይ ሦስቱም በየተራ መጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ምኑን ነካካኸው?" አንዷማ ጨምራ፣ "ባለፈው ዩኤስቢ ሰክተህ ነበር አይደል?" አለችኝ። የሰካሁት ኪቦርድ ነበር።

ዘርህንም አጣርቻለሁ፤ ድሮም እንዲሁ ነህ። እንደ ፈረንጆቹ በ1992 በወጣው ዊንዶውስ 3.1 ጊዜ፣ ዊንዶውሱን አንዴ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ሁሉም ከዚያ እንዲጠቀም ማድረግ ይቻል ነበር። ፋይሎችህ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣሉ። አንተን የምትጠራው አንዲት መስመር ደግሞ በየሰው ፎልደር፣ ሲስተም ዶት አይኤንአይ በምትባል የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ትገባለች። ሲያወሩት ያምራል። ሰውየው ተነስቶ ሌላ ካርድ ያለበት ማሽን ላይ ከተቀመጠ ግን መስመሯ ተከትላው ትሄዳለች፤ የማይሆነውን ድራይቨር ትጠራለች፤ ስክሪኑ ጉድ ይሆናል። ያኔ ችግሩ ሰውን ይከተል ነበር፤ አሁን ወንበሩ ጋ ተቀምጦ ይጠብቀናል። እድገት ነው።

ለማንኛውም አይቲ ክፍል ደወልኩ። ልጁ ሰው አክባሪ ነው፤ ወዲያው በሪሞት፣ ማለት ባለበት ሆኖ በኔትወርክ፣ ወደ ማሽኑ ገባ። እሱ ሲገባ የእኔ ስክሪን ተቆለፈ፤ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ በስልክ፣ "ወንድሜ፣ እኔ ጋ እኮ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው" አለኝ። አልዋሸም። በሪሞት የገባ ሰው የሚያየው ለራሱ ሞኒተር ልክ የተሰፋ ምስል ነው፤ እኔ ፊት ያለውን ሞኒተር አያየውም። ሐኪም ሲያይ የምትድን ዓይነት በሽታ ነህ።

"በል ስክሪንሹት ላክልኝ" አለ። ላክሁ። ስክሪንሹቱ ላይ ክቡ ክብ ሆኖ ቁጭ! ለካ የሚለጥጠው ሞኒተሩ ነው፤ ምስሉ ራሱ 800 በ600 ሆኖ ምንም አላለም። አንተን ልከስህ የያዝኩት ማስረጃ ላንተ መሰከረልህ። ያን ጊዜ እውነቴን ነው ራሴን ተጠራጠርኩ። በመጨረሻ ሞኒተሩን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፤ "ውይ!" አለ። ይህች "ውይ" ሁለት ቀን ፈጅታለች።

ረቡዕ በአካል መጣ። ሼርድ ፎልደር ላይ ያስቀመጠውን ኢንስታለር ደብል ክሊክ አደረገ፣ ፓስወርዱን አስገባ፣ ተከፈተ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። "ኔክስት" የምትለው በተን የለችም። መስኮቱ ከስክሪኑ ይረዝማል፤ በተኗ ከታች፣ ከስክሪኑ ውጭ፣ ጠረጴዛው አካባቢ የሆነ ቦታ ቀርታለች። ስክሪኑን ለማስተካከል በተኗን መጫን አለብን፤ በተኗን ለማየት ስክሪኑ መስተካከል አለበት። መነጽሩ የጠፋበት ሰው መነጽሩን እንደሚፈልገው ሆንን። እኔ፣ እውነት ለመናገር፣ ጎንበስ ብዬ ከሞኒተሩ ሥር አየሁ። ልጁ አላየኝም መሰለኝ።

እሱ ግን አልት እና ስፔስ አንድ ላይ ተጫነ፤ ቀጥሎ ኤም፤ ቀጥሎ ወደ ላይ የምታመለክተዋን ቀስት። መስኮቱ ጭንቅላቱን ከስክሪኑ አናት በላይ አውጥቶ እግሩን ማሳየት ጀመረ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ… ኔክስት! እንደ ሕፃን ሳቅን።

ሳቃችን ሳያልቅ ምን አልከን? ይህ ድራይቨር ከዚህ ማሽን ጋር አይሄድም። እንዴት አይሄድም? ከጎን ያለው ማሽን ላይ ሄዷል፤ ሁለቱም ከላይ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ውስጣቸው ግን የተለያየ ካርድ ነው። ይኼ የሚለየው የማሽኑ ዕቃዎች የተዘረዘሩበት ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ ሃርድዌር አይዲውን፣ ማለት የካርዱን መለያ ቁጥር፣ በማየት ብቻ ሆነ፤ አንዱ ኮድ የአምራቹ ነው፣ ሌላው የካርዱ። የኢንቴል የአምራች ኮድ 8086 መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር ስም መሆኑ ነው። በንዴቴ መሀል እንኳ ደስ አለኝ፤ ከናንተ መንደር የወጣ የመጀመሪያው ቀልድ ነው።

ትክክለኛው ተፈልጎ ተገኘ፣ ተጫነ። ስክሪኑ ጠቆረ። በራ። ደግሞ ጠቆረ። ልጁ "የተለመደ ነው" አለኝ፤ ግን እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ነው። ከዚያ ሎጎው ክብ ሆኖ መጣ።

እና አሁን ተመልሰሃል፤ እንኳን ደህና መጣህ። ልጁ ግን ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ፣ "ለሌሎቹም ማሽኖች ዛሬ ማታ በኔትወርክ እልከዋለሁ" ብሎን ሄደ። ሌሎቹ አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ከላይ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው።

ያሻህን አድርግ። እኔ ዛሬ ሎግ አውት አድርጌ የወጣሁት ከሁሉም ቀድሜ ነው፤ ምስክርም አለኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከአራቱ አንዱ

ግልባጭ፦ ለሞኒተሩ። ሰኞ ጠዋት ጎንህን በጥፊ የመታሁህ እኔ ነኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኖብህ ነው፤ ይቅርታ።

አባሪ፦ አንድ ፎቶ። በስልክ የተነሳ።