ሁለቱም ሸክላ ይባላሉ

አገር ቤት «ሸክላ» ስንል በ1960ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸውን የመሰለውን የፕላስቲክ ዲስክ ነው። አሜሪካ በአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚገኘው የብሉዝ ዘፋኟ የነቤሲ ስሚዝ የ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ዲስክ ግን ከሼላክ (ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ) የተሠራ ስለሆነ፣ ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ይሰበራል። ሸክላ መባል የሚያምርበትስ እሱ ነው።

ፕላስቲኩን በአልኮል መወልወል የለመደ ሰው ሼላኩንም ያበላሸዋል፤ አልኮል ያሟሟዋል። የተጣራ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃሉ። መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት መራስ የለበትም። ማጫወቻው በደቂቃ 78 ዙር መዞር፣ የመርፌውም ጫፍ ወደ 0.003 ኢንች መስፋት አለበት። የተለመደው ቀጭን መርፌ ድምፁ ከተቀረጸበት ቦይ ሥር ወርዶ ቆሻሻውን ነው የሚያነበው። ድምፁ ከቀጠነ ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው፤ በ78 ዙር ያልተቀዳ ብዙ አለ።

ለጀማሪ ማሚ ስሚዝ በነሐሴ 1920 የቀዳችው «ክሬዚ ብሉዝ» ጥሩ በር ነው፤ ኩባንያዎቹ ጥቁር አሜሪካዊውም ሸክላ እንደሚገዛ የገባቸው በእሱ ነው። ቀጥሎ የኪንግ ኦሊቨር የጃዝ ባንድ፣ ሚያዝያ 1923፣ ሪችመንድ ኢንዲያና። ሉዊ አርምስትሮንግ እዚያ ገና ሁለተኛ ኮርኔት (ትራምፔት መሰል መሣሪያ) ተጫዋች ነው። ማይክሮፎን ስለሌለ ሁሉም የሚጫወተው በግድግዳው ወደተሰካ፣ ድምፁን ሰብስቦ ወደ ቀራጩ መርፌ ወደሚያደርስ ትልቅ ቀንድ ነበር። ድምፁ የጎላ ወደኋላ ይቆማል፤ በአጠገቡ ባቡር ሲያልፍ ቀረጻው ይቋረጣል። ትልቁ ከበሮ ቀራጩን መርፌ ስለሚያዘልለው ከበሮ መቺው እንጨት ያንኳኳል። ይህን ሰምቶ «የድሮ ጃዝ ከበሮ አልነበረውም» የሚል አይጠፋም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን ላይ የተቀዱት በዚያው ዓይነት ቀንድ ነው። ማይክሮፎኑ የመጣው በ1925 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀዳችው ቤሲ ስሚዝ አጠገባችን የቆመች ትመስላለች።

«ፈረንጅ ቅርሱን አይጥልም» የምንለው ነገር ግን እዚህ ላይ አይሠራም። የብሉዝ ዘፋኞቹን ማ ሬይኒንና ቻርሊ ፓተንን ያስቀዳው የሸክላ ኩባንያ ፓራማውንት የዊስኮንሲን የወንበር ፋብሪካ ንብረት ነበር። ሸክላዎቹ የሚታተሙባቸው ብዙዎቹ የብረት ዋና ቅጂዎች ለቁራሌ ሄደዋል። የፓተን ጊታር ላይ የሚሰማው ሽሽታ አንድ ቤተሰብ ሸክላውን በብረት መርፌ ደጋግሞ ሲያጫውት የፋቀው ነው፤ የተረፈልንም ያው ሸክላ ነው።