ለዕድር የነገርነውን ሞት ከመዝገብ ለምን እንሰውራለን?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ መንግሥት አይደለም። መንግሥትን መውቀስ ሁላችንም እንችልበታለን፤ የሚወቀስበትም ነገር አያጣም። ዛሬ ግን ተራው የእኛ ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ጨረሰ ብለን እናማርራለን፤ ትምህርት ቤቱ ልጆቻችንን በአንድ ክፍል አጎራቸው ብለን እንጮኻለን፤ «ለመሆኑ ስንት ሰው እንዳለን አያውቁም እንዴ?» እንላለን። አዎ፣ አያውቁም። ሲጠይቁን እውነቱን ማን ነገራቸው?

እስቲ ሰው ሲሞት የምናደርገውን አስቡት። ነፍሱ ከመውጣቷ ለዕድሩ ዳኛ ይነገራል፣ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የሟቹን ስምና ለቤተሰቡ የሚከፈለውን ገንዘብ ይጽፋል። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ማንም ሳያስገድደን ይህን ያህል የተሟላ የሞት መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ነን። ሕጉ ደግሞ ከእኛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሞቱን በሠላሳ ቀን ውስጥ ለክብር መዝገብ ሹም፣ ማለትም ልደትንና ሞትን ለሚመዘግበው ሠራተኛ፣ ማስመዝገብ። ይህን ያዘዘው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ ቆይቷል፤ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ድንኳኑ ሲነቀል ግን እኛም ነገሩን አብረን እንነቅለዋለን።

ውርስ ካለ አንረሳም። ፍርድ ቤቱ «የሞት የምስክር ወረቀት አምጡ» ያለን ዕለት ከሦስት ዓመት በፊት ለቀበርነው ሰው ምስክር ፍለጋ እንሯሯጣለን። ቤት ያልነበረው፣ የባንክ ደብተር ያልነበረው፣ መሬት በስሙ ያልነበረው ሟች ግን ማን ይጽፈዋል? እንዲህ ሆኖ የተሠራ መዝገብ ንብረት ያለው ሰው በምን ዕድሜው እንደሚሞት ይናገር ይሆናል፤ የድሃውን፣ የሴቲቱን፣ የሕፃኑን ሞት ግን አያውቅም። በዚያ መዝገብ ተነሥቶ በጀት የሚደለድል ሰው ማንን እንደሚረሳ ራሳችሁ ገምቱ።

ሕፃን ካልኩ አይቀር በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ትልቅ ነገር ነው፤ ክትባቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋትና የእናቶች ብርታት ተጨምሮበት የመጣ ነው። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሱት። እንግዲህ በ2008ቱ ጥናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሞቱብን ልጆች ከአሥሩ አራት ያህሉ ገና አንድ ወር ያልሞላቸው አራሶች ነበሩ። እኛ ደግሞ አጥብቀን የምንደብቀው የእነዚህኑ ሞት ነው። ክርስትና ሳይነሣ ያረፈ ልጅ ድንኳን አይተከልለትም፣ ጡሩምባ አይነፋለትም፤ እናቱም «አይዞሽ፣ ሌላ ይተካልሻል» ተብላ ዝም እንድትል ትደረጋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ የቤተሰቡን ማህደር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ካለፈው ወዲህ የተወለደ፣ የሞተ አለ?» ስትል አማት ቀድማ «የለም፣ ሁሉም ደህና ነው» ትላለች። ምጥ ሲረዝም እንደነበር፣ ልጁ ሳያለቅስ እንደቀረ ማህደሩ ላይ አይሰፍርም። ከዚያ የሚመጣው ዓመት ጤና ጣቢያው ለአራስ ማሞቂያና ኦክስጅን ሲጠይቅ «እዚህ አካባቢ የአራስ ሞት አልተመዘገበም» ቢባል ማንን ልንከስ ነው?

የሞቱ ምክንያትም ያው ነው። «ብርድ መትቶት ነው»፣ «ድንገት ነው»፣ «የሰው ዐይን ነው»። በአዲስ አበባ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች የመቃብር ቦታዎችን መዝገብ ይዘው የከተማውን ሞት መከታተል የጀመሩት፣ ሕዝቡ ቀብሩን ስለማይደብቅ ነው። ኤድስ ስንት ወጣት እንደሚወስድብን ለማወቅ ወደ መቃብር ቤት መሄድ ያስፈለገን ለምን ይመስላችኋል? ቤተሰብ በይፋ የማይናገረውን የሟቾቹ ብዛትና ዕድሜ ይናገር ስለነበር ነው። ስድብና መገለልን ፈርቶ የሚደብቀውን ሰው አልፈርድበትም። የምወቅሰው ጎረቤቱን ነው፦ እውነቱን የተናገረውን ቤተሰብ እየሸሸ፣ ሰው ሁሉ «ድንገት ነው» እንዲል ያስተማረውን።

ወደ ዕድሜ ስንመጣ ደግሞ ውሸቱ መልክ ይለዋውጣል። ያችው ልጅ ለእርዳታ ስትመዘገብ ሕፃን ናት፤ ሽማግሌ የተላከባት ዕለት አሥራ ስምንት አልፏታል፤ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት ስታወጣ ደግሞ ሃያ አምስት ሞልቷታል። አባትዋም ጡረታው ሲቃረብ ወጣት ይሆናል። ለጥናት የመጡት ሰዎች ሲጠይቁ «ሠላሳ ብለህ ጻፈው» እንላቸዋለን። በዚህ አገር ቆጠራ ሁሉ በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ላይ ሰው የሚከመረው ለዚህ ነው። ጠያቂውም ጻድቅ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ ስለሆነ ልጁን ስድስት ዓመት አድርጎ የሚገላገል አለ። በእንዲህ ያሉ ጥናቶች የታወቀ ችግር ነው። ግን እኛ የልደት ወረቀት አውጥተን ብናሳየው ከየት አምጥቶ ያጭበረብራል? በ2008ቱ ጥናት፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ያኔ ቢሮው የለም ብለን ነበር። አሁንስ? ሐኪም ቤት የሰጠን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር ተጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የለም?

«ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት ወረደበት፤ ሰው አይቆጠርም» የሚሉ አባቶች አሉ። ከአክብሮት ጋር፣ ሙሴም እኮ እስራኤልን በምድረ በዳ በየነገዱና በየአባቱ ቤት ቆጥሯል፤ ያዘዘውም እግዚአብሔር ነው።

የመንግሥት ድርሻም ይነገር። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ቢልም የመጨረሻው የተደረገው በ1999 ነው፤ ያኔ የተገኘው 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበር። አራተኛው ለ2010 ታስቦ ደጋግሞ ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ግን ቆጣሪው ቢመጣ ምን እንደምናደርግ አውቃለሁ። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በሕዝብ ብዛትም ስለሚሰላ «የእኛ ሰው እንዳይጎድል» ብለን አዲስ አበባ የሚኖረውን ልጃችንን ገጠር እናስቆጥራለን፤ እሱም እዚያው አዲስ አበባ ይቆጠራል። ሌላው ብሔር ሲያደርገው ማጭበርበር እንለዋለን።

እንግዲህ የዕድር ዳኞች፣ በእናንተ ልጀምር። ለለቅሶ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት «በሠላሳ ቀን ውስጥ አስመዝግቡ» በሉ፤ አቅመ ደካማ ቤተሰብ ከሆነ ጸሐፊያችሁ አብሮ ይሂድ። አራስ የሞተባት እናት ቤትም ሂዱ፣ ድንኳን ባይተከልም። ወላጆች፣ ለልደት ዘጠና ቀን አላችሁ። አማቶች ደግሞ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትጠይቅ እናቲቱ ራሷ ትመልስ።