ሬግባክ ውስጥ ያለው ፋይል ባዶ ነው

ሬጅስትሪ (ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበትን መዝገብ) በስህተት ላጠፋ ሰው «አትጨነቅ፣ ዊንዶውስ ራሱ ሬግባክ ፎልደር ውስጥ ኮፒ ያስቀምጣል፤ እሱን ወስደህ ዋናው ሬጅስትሪ ያለበት ኮንፊግ ፎልደር ውስጥ ተካው» የሚል ምክር ሲደጋገም አየሁ። በቅንነት እንደተሰጠ አልጠራጠርም። ድሮ ልክ ነበር።

ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1803 ወዲህ ግን፣ ማለትም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዊንዶውስ ይህን ኮፒ በራሱ አያስቀምጥም። የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ነው። ፎልደሩ አለ፣ የፋይሎቹ ስምም አለ። ውስጣቸው ግን ባዶ። (ሴቲንጉን ሆን ብሎ መልሶ ያበራ ሰው ካለ እሱ ሌላ ነው።)

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ኮንፊግ፣ ከዚያ ሬግባክ ግቡና የፋይሎቹን መጠን እዩ። ኮምፒውተሩ አልነሳም ካለ በሪከቨሪው (ዊንዶውስ አልነሳ ሲል በሚመጣው የጥገና ገጽ) ውስጥ ባለው ኮማንድ ፕሮምፕት፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ታዩታላችሁ። 0 ካለ አትንኩት። ባዶውን በነባሩ ላይ ከጫናችሁ፣ እያነከሰም ቢሆን ይነሳ የነበረው ማሽን ጭራሽ እምቢ ይላል።

የሚያዋጣው ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ቀን ሁኔታው የሚመልሰው ሲስተም ሪስቶር ነው፤ እዚያው ሪከቨሪ ውስጥ ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ስር ታገኙታላችሁ። ከስህተቱ በፊት የተቀመጠ ቀን ካለ ምረጡ። ፎቶና ዶክመንታችሁን አይነካም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የጫናችሁት ፕሮግራም ግን ይጠፋል።