ይድረስ ለክቡር የሰዓት ሰቅ (የየአገሩን ሰዓት መዝግበው ለሚይዙት «ታይም ዞን»፣ ባሉበት ኮምፒውተር ሁሉ)

ጉዳዩ፦ የተወሰደብኝን ስድስት ሰዓት ስለማስመለስ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከትናንት ወዲህ ደኅና አይደለሁም።

የላኩልኝ የቀጠሮ መልእክት «ጥቅምት 14 ቀን 8:30» ይላል። ጥቅምት የእኛ፣ 14 የእኛ። ታዲያ 8:30ው ከየት አገር መጣ? ምሳዬን ቀደም ብዬ በልቼ፣ ፎቶኮፒዬን አቅፌ፣ ገና 8 ሰዓት ሳይሆን ከሰልፉ ገባሁ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ ስክሪኑን ገረፍ አድርጋ አይታ «ጋሼ፣ ቀጠሮዎ እኮ ጠዋት 2:30 ነበር። ሲስተሙ ቀርተዋል ብሎ ዘግቶታል» አለች። መልእክቱን አሳየኋት። «ስድስት መቀነስ ነዋ! ይሄም ይጠፋዎታል?» ስትል ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከራሷ በላይ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት በእኛው አቆጣጠር ይሄዳል፤ ምሳ ወጥታ የምትገባውም በሱ ነው። አዲስ ቀጠሮ ከወር በኋላ፣ ክፍያውም እንደገና። የሰጠችኝ ወረቀት «9:00» ይላል። ጠዋት ነው ከሰዓት? እሱን ወረቀቱ አይናገርም።

ትጋትዎን አልክድም። ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ካሉት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራሉ። ኔፓል ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መቅደሟን ሳያዛንፉ ይዘዋል። ሎርድ ሃው የምትባል ጥቂት መቶ ሰው ያለባት የአውስትራሊያ ደሴት በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን በግማሽ ሰዓት ስታንቀሳቅስ ይከተሏታል። ሳሞአ በፈረንጆቹ 2011 ከሐሙስ ወደ ቅዳሜ ስትዘል አንድ ሙሉ ዓርብ ሠርዘውላታል።

አዲስ አበባ ግን በመዝገብዎ የናይሮቢ ሌላ ስም ናት። ከፈረንጆቹ 1970 ወዲህ ሰዓታቸው ስላልተለያየ +3፣ ማለትም ከመነሻው ሦስት ሰዓት የሚቀድሙ፣ ብለው አብረው አሰሯቸው። «የእኔ ሥራ +3 ማለት ነው፤ አቆጣጠሩ የማሳያ ጉዳይ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አማርኛ ያደረግኩት ስልክ እኩለ ሌሊትን «12:00 ጥዋት» የሚለኝስ በማን ትእዛዝ ነው?

ስማ፣ ክቡርነቱ ይቅር። ከኋላዬ የቆሙት እናት ያንኑ መልእክት ይዘዋል። ሌሊት ተነስተው ከክፍለ አገር በአውቶቡስ ነው የመጡት። እሳቸውንም «ስድስት ቀንሱ» አለቻቸው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ባለበት አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ ለአንዲት ደሴት ግማሽ ሰዓት የቆጠረ ዓለም ለዚህ አንዲት መምረጫ ማስገባት ከበደው? ያንን ሲስተም የሠራው የእኛው ልጅስ? ቀኑን ወደ ጥቅምት መልሶ ሰዓቱን እንዳለ ሲተወው እናቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትቀሰቅሰው ረስቶ ነው?

እስክትስተካከል ድረስ በቀጠሮዬ ዕለት ጠዋት 3 ሰዓት ገብቼ እስከ ከሰዓት 9 እቀመጣለሁ። ወንበር ካለ።

ግልባጭ፦
ለናይሮቢ። በስዋሂሊ ሲቆጥሩ እነሱም ሥራ የሚገቡት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ለአንተ አልነገሩህም እንጂ።