ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ኮር አይ ሰቨን» ስቲከር

ለ፦ ክቡር «ኮር አይ ሰቨን» ስቲከር
አድራሻ፦ ከኪቦርዱ ሥር፣ የግራ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ
ጉዳዩ፦ ትውልድዎን እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የአንጎሉን (የፕሮሰሰሩን) ስም ጽፈው የተለጠፉበት ላፕቶፕም ደህና ነው፤ እንደ ድሮው ጠዋት ተከፍቶ እስከ ማታ እየተነሳ አይውልም።

አንቱ የምልዎት ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ያየሁዎት ቀን «አንተ» ልልዎት ነበር። ትናንት የተለጠፉ ነበር የሚመስሉት። ዕድሜዎን የሰማሁት ብሩን ቆጥሬ ከሰጠሁ በኋላ ነው። ታላቅን ማክበር ያደግኩበት ነገር ስለሆነ፣ ይኸው አንቱ ብያለሁ።

ያገናኘችን ታናሽ እህቴ ናት። ኮሜርስ አካውንቲንግ ትማራለች። ላፕቶፕ ያስፈልገኛል አለች። ምን ልትሠሪበት? አልኳት። ኤክሴል፣ ወርድ፣ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም፣ በአማርኛ መጻፊያ። አለቀ። ይሄን ወረቀት ላይ ጽፌ ብወጣ ኖሮ እርስዎና እኔ አንተዋወቅም ነበር። እኔ ግን የስድስት ወር ቁጠባዬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ባዶ ጭንቅላቴን ይዤ ሜክሲኮ ወረድኩ።

ሱቁ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮቱ ቁልቁል ባቡሩ ሲያልፍ ይታያል። ልጁ ገና ከበር ሳልገባ «ብሮ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የገባ፣ አይ ሰቨን ነው» አለኝ።

«ራሙ ስንት ነው?»

«አይ ሰቨን ነው እኮ!»

«ሀርድ ዲስኩስ?»

«አንድ ቴራ፣ ከነአይ ሰቨኑ።»

«ባትሪውስ?»

«ሦስት ሰዓት ይይዛል።»

በነገራችን ላይ በባትሪው አልዋሸኝም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ከቻርጀሩ ነቀልኩት። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ጠፋ። የትኛውን ሦስት ሰዓት እንደሆነ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው።

እርስዎን ግን ልብ ብዬ አይቼዎታለሁ። ኪቦርዱ ላይ «ኤ» እና «ኤስ» ተፍቀው ጠፍተዋል። ስፔስ ባሩ መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ብዛት አንጸባርቋል። ማጠፊያው ሲከፈት እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል። እርስዎ ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ አሮጌ መሐል፣ ጠርዝዎ ሳይላጥ፣ አቧራ ሳይነካዎት ቁጭ ብለዋል። ሁሉም ሲያረጅ አንድ ሰው ብቻ ካላረጀ ይጠረጠራል። እኔ አልጠረጠርኩም። እንዲያውም «ባለቤቱ ሲጠነቀቅለት ነበር» ብዬ አሰብኩ።

እኛ እኮ ሰው ስንተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» የምንል ነን። ሚስት ሲጠየቅ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። እርስዎ ጋ ስደርስ ግን ሰባትን ራሷን ሳይ ዘሩን መጠየቅ ረሳሁ።

የጠየቀልኝ ሰፈራችን ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው። «ዚስ ፒሲ» የሚለውን በቀኝ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገባ። አይ ሰቨን፣ ሰረዝ፣ 4600ዩ ይላል። ጣቱን አራቷ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ሐኪም ራጅ ሲያይ እንደሚለው ዓይነት ዝምታ።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው ትውልዱን የሚናገረው። 4600 ማለት አራተኛ ትውልድ፣ 8250 ማለት ስምንተኛ። ከአሥረኛ ወዲህ ላሉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ያያሉ፤ 1065 አሥረኛ ነው። እርስዎ ላይ ግን ይሄ ቁጥር የለም። ስምዎን በትልቁ ጽፈው የትውልድ ዘመንዎን እቤት ረስተውታል።

የእርስዎ ፕሮሰሰር የወጣው በፈረንጆቹ 2013 ነው። ከሱቁ መስኮት የሚታየው ባቡር ሥራ የጀመረው 2015። እኔ ባቡሩን አሮጌ እያልኩ እሳደባለሁ፤ ለካ ታላቅ ወንድሙን በብብቴ ይዤ ነው የወጣሁት።

ኮር ደግሞ፣ የፕሮሰሰሩ ሠራተኛ ማለት ነው፣ ሁለት ብቻ ነው ያለዎት። ሰባት የሚለውን ስም ሰምቶ ሰባት ኮር የጠበቀ ሰው አውቃለሁ፤ ማንነቱን አልናገርም። በፈረንጆቹ 2017 የወጣው አይ ፋይቭ 8250ዩ አራት ኮር አለው። አይ ፋይቭ ነው፣ ግን አይ ሰቨንን ጥሎ ይሄዳል። እዚያው ሱቅ ጥግ ላይ አንድ ስምንተኛ ትውልድ አይ ፋይቭ ተቀምጦ ነበር። ዋጋውም ብዙ አይራራቅም። ስቲከሩ ተልጦ ስለነበር ገልመጥ አድርጌ አለፍኩት።

ወደ ዊንዶውሱ ልምጣ። የተጫነው 11 ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል፣ ከእርስዎ አምራች፣ በኩል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። ታዲያ እርስዎ ቤት እንዴት ገባ? በጓሮ በር። የሱቁ ልጅ ዘበኛውን አዘናግቶ አስገባው። ይሠራል፤ ግን ነገ አንድ ትልቅ አፕዴት መጥቶ «መታወቂያ!» ቢል የሚያሳዩት የለዎትም። ወደ ዊንዶውስ 10 እንዳንመለስ፣ የእሱ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ጠጋኙ «ሊኑክስ ሚንት ልጫንልሽ» አላት እህቴን። በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነው፤ ነፃ ነው፤ እንደ እርስዎ ያሉ አዛውንቶችን አያስጨንቅም፤ ሳይጫንም ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር ይቻላል። አማርኛ ኪቦርድም ያገኛሉ። ሞከርነው። እህቴ ወደደችው። ከዚያ «ፒችትሪ የት ነው?» አለች። ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። ፒችትሪ የዊንዶውስ ልጅ ነው፤ ሊኑክስ ጋ እንደዋዛ ተነስቶ አይሄድም። እና ለአካውንቲንግ ተማሪ ፒችትሪ የሌለው ላፕቶፕ፣ ቄስ ያለ መስቀል ነው። በመጨረሻ ሁለቱንም አደረግናቸው። ኢንተርኔት በሚንት፣ ፒችትሪ ኔትወርክ በተዘጋበት ዊንዶውስ። ሁለት ሚስት እንዳገባ ሰው ላፕቶፑ ሲነሳ «ዛሬ ወዴት ነህ?» ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመሰክርልዎት። ለቀርፋፋነቱ ሁሉ ተጠያቂው እርስዎ አይደሉም። ያ አንድ ቴራ ሀርድ ዲስክ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ አንድ ፋይል ሲፈለግ መርፌዋ እየተመላለሰች ትዳክራለች። አቦል ሲቀዳ ቁልፉን እንጫናለን፣ በቶና ዴስክቶፑ ይመጣል፣ ኤክሴል የሚከፈተው በረካ ላይ ነው። የሚሽከረከር ነገር በሌለው በ256 ጊጋ ኤስኤስዲ ስንቀይረው ግን አቦሉ ሳይቀዘቅዝ ተነሳ። ራሙም፣ የተከፈተው ሥራ ሁሉ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ፣ 4 ጊጋ ነበር፤ 8 አደረግነው። መጀመሪያ የገዛሁት ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ዓይነት ነበር። እርስዎ የሚበሉት ዲዲአር3 ብቻ መሆኑን ያወቅሁት፣ ራሙን ማስገቢያው ላይ ለአሥር ደቂቃ ስገፋ ቆይቼ ነው። ቀዳዳው እንኳን አይገጥምም። ለሻጩ ለመመለስ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ባልደረባዬ «ምናለ እንደኔ አዲስ፣ ከነፕላስቲኩ ብትገዛ» ብሎ ሊስቅብኝ ነበር። የእሱ ሴለሮን የሚባለው ርካሹ ፕሮሰሰር ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ የማይጨመር። ማስቀመጫው 64 ጊጋ። ዊንዶውስ አፕዴት ልሁን ሲል ቦታ ስለሌለ ባልደረባዬ ፎቶዎቹን ያጠፋል። ፕላስቲኩን ግን እስካሁን አልላጠውም። ሳቁ በአጭሩ ቀረ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ላፕቶፑም ተከተለው። በባትሪው አሥር ደቂቃ ምክንያት፣ ታጥፎ የሚዘጋ ዴስክቶፕ መግዛቴን ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። በስልኬ መብራት እያየሁ በጥፍሬ ልልጥዎት ጀመርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ እርስዎ ነዎት። በጨለማ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚልጠው ማን እንደነበር አልናገርም።

ለቀቁ። ከሥርዎ ሌላ የሙጫ አሻራ ነበር፤ ከእርስዎ ጋር ልክ የማይሆን፣ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለ። የማን ስቲከር እንደነበረ እንግዲህ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።

ልጥልዎት አልቻልኩም። የስድስት ወር ቁጠባ አይጣልም። የእናቴ ምጣድ ክዳን ላይ ለጠፍኩዎት።

ጠዋት እናቴ ሊጡን ይዛ መጣች። እርስዎን ጎንበስ ብላ አየችዎት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮር አይ ሰቨን ነው፣ እማዬ።»

«እና አሁን ቶሎ ይሰማል?»

ከሰላምታ ጋር፣
የቻርጀሩ ቋሚ ጠባቂ

ግልባጭ፦ ለምጣዱ፤ ጥግ ላይ ለቀረው አይ ፋይቭ (ካልተሸጠ)