ስንት ደቂቃ ተኛ?

ፍትህ የጠማው ሰው ሜልቦርን ይምጣ። በፉቲ ወራት ይምጣ፣ በተለይ ደግሞ ማክሰኞ ማታ። ቅዳሜ አንዱ ተጫዋች የሌላውን ጭንቅላት በትከሻው ይገጫል። እሁድ ቲቪው በዝግታ እያሳየ ሲደጋግመው ይውላል። ብዙም ሳይቆይ ክስ ይወጣል። ማክሰኞ ማታ ችሎት ተቀምጦ፣ ጠበቃ ተሟግቶ፣ ውሳኔ ተሰጥቶ ሁሉም ወደ እራቱ ይሄዳል። ያልተዋጠለት ሐሙስ ይግባኝ ይላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገሩ አልቆ ሌላ ጭንቅላት ይጠበቃል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ እንዴት አይቀናም?

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የአውስትራሊያ ፉትቦል ነው፤ ሀገሬው ፉቲ ይለዋል። ሜዳው ሞላላ፣ ኳሱም ሞላላ፣ ሰዉ 18 ለ18። ኳሱን በእግር መምታት ይቻላል፣ በእጅ መያዝ ይቻላል፣ ሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ መቅለብም ይቻላል። እንደ አሜሪካኖቹ ደረቅ የራስ ቁር የለም። ጥቂቶች ለስላሳ ኮፍያ ነገር ያጠልቃሉ። እዚህ ፉትስክሬይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ብዙም ሳይርቅ፣ የዌስተርን ቡልዶግስ ሜዳ አለ። ልጆቻችን ማሊያውን ለብሰው እያደጉ ነው። ስለዚህ የሰው አገር ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ሊጉ፣ ኤኤፍኤል፣ አንድ ነገር ሲናገር አይሰለቸውም። ጭንቅላት አይነኬ ነው ይላል። እሰይ! ቃሉን የሚያከብርበትን መንገድ ብታዩት ደግሞ ትደነቃላችሁ።

ቅጣቱ የሚሰጠው በስሜት አይደለም፣ በሰንጠረዥ ነው። ሆን ብሎ ነው ወይስ በግድየለሽነት? የተመታው ጭንቅላት ነው ወይስ ሌላ አካል? ምቱስ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ወይስ እጅግ ከባድ? ሦስቱን መልስ ስታገናኛቸው የእገዳው ሳምንት ቁጥር ዱብ ይላል። እኔን የሚያስደስተኝ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። የምቱ ክብደት በአብዛኛው የሚታወቀው ተመቺው ምን ሆነ ተብሎ ነው። መመሪያው ሊደርስ ይችል የነበረው ጉዳትም ይታያል ይላል፣ አይካድም። ግን ሰውየው ራሱን ስቶ ከተዘረጋ ምቱ እጅግ ከባድ ነው። ብድግ ብሎ ቁምጣውን አራግፎ ከሮጠ ቀላል ነው። ያው ትከሻ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ጭንቅላት።

ስለዚህ ፈራጁ የተመቺው አንገት ነው። አንገተ ወፍራም ከሆነ ገጪው በገንዘብ ቅጣት ይወጣል። ቀጭን ከሆነ ደግሞ ለሳምንታት ቤቱ ይቀመጣል። ልጆች፣ መግጨታችሁ ካልቀረ ሰው ምረጡ።

ይህ ሥርዓት ምን ያህል እንደረቀቀ ለማየት አንድ ምሽት ይበቃል። ጳጉሜን 2 ቀን 2015፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2023 መሆኑ ነው። ኮሊንግዉድና ሜልቦርን የሚባሉት ክለቦች ለዋንጫው ጨዋታ በሚያደርሰው ዙር ኤምሲጂ ስታዲየም ተገናኙ። የመጀመሪያው ሩብ ገና አላለቀም። የሜልቦርኑ አንገስ ብሬሾ ኳስ ይዞ መጣ። ራሱ ላይ ያችን ለስላሳ ኮፍያ አድርጓል፤ ከዚያ በፊትም ጭንቅላቱ ተመትቶ ያውቃል። ኳሱን መታ። የኮሊንግዉዱ ብሬደን ሜይናርድ ኳሱን በእጁ ሊያከሽፍ ከፊት ለፊቱ ዘለለ። ኳሱ አመለጠው። ሰውነቱ ግን አየር ላይ ነው፣ ወደፊት እየመጣ ነው። ዞር አለ፣ ተሰበሰበ፣ ትከሻው ብሬሾ ጭንቅላት ላይ አረፈ። ብሬሾ ሳሩ ላይ ሲደርስ ራሱን አያውቅም ነበር። በቃሬዛ ወጣ። ኮሊንግዉድ በ7 ነጥብ አሸነፈ።

ጨዋታዎችን የሚገመግመው ሹም ይህ አያስከስስም የሚል ሐሳብ ነበረው። የሊጉ የፉትቦል ኃላፊ ላውራ ኬን ግን አይሆንም ብለው ጉዳዩን በቀጥታ ለችሎት ላኩት። ችሎቱ የተቀመጠው መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? መስከረም 1፣ በእንቁጣጣሽ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው ለካ ለሜልቦርንም ይሠራል።

የዚያን ምሽት ሙግት የድሮዎቹ የበላ ልበልሃ ሊቃውንት ቢሰሙት ኖሮ ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ ይሉ ነበር። ለተከሳሹ የባዮሜካኒክስ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ማለት ነው፣ ፕሮፌሰር ቀረቡለት። ሰው አንዴ ከዘለለ አየር ላይ መንገድ አይቀይርም። ለማሰብ የነበረውም ጊዜ የሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? የሊጉ ጠበቃ በበኩላቸው ከመዝለሉ በፊት ማሰብ ነበረበት የሚል ክርክር ይዘው መጥተው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሳይንስ ፊት ማን ይቆማል። ሜይናርድ ነጻ ወጣ። እኔ እንደገባኝ ጥፋተኛው የመሬት ስበት ነው። ስበት ደግሞ በሊጉ የተመዘገበ ተጫዋች ስላልሆነ ሊታገድ አይችልም። ሊጉም ይግባኝ ሳይል ተወው።

እዚህ ላይ ሜይናርድን ለመውቀስ አይቸኩል። ክፉ ሰው ነው የሚል አልሰማሁም። እንዲያውም በዚያው ሰሞን አበባና ወይን ይዞ ብሬሾን ቤቱ ድረስ ሄዶ እንደጠየቀው ተዘግቧል። ጨዋ ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ጭንቅላቱ ለተናጋ ሰው ሐኪም አትጠጣ እንደሚለው ማን ያስታውሳል፣ ዋናው ማሰቡ ነው።

ከዚያማ ሁሉም በየፊናው ደረሰው። ሜይናርድ በዚያው ወር መጨረሻ፣ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ፊት፣ ኮሊንግዉድ ብሪዝበንን በ4 ነጥብ ሲያሸንፍ የዋንጫ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ብሬሾ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024፣ በ28 ዓመቱ፣ በሐኪሞች ምክር ጫማውን ሰቀለ። እስከ 2028 የሚያቆይ ኮንትራት ነበረው። ገጪው ዜሮ ሳምንት፣ ተገጪው ዕድሜ ልክ። ሒሳቡ ግልጽ ነው፣ ጥያቄ ያለው?

ሊጉ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ዋንጫው ሳጥን ከገባ በኋላ፣ ደንቡን አሻሻለ። ከእንግዲህ ኳስ ለማክሸፍ ዘሎ የሰው ጭንቅላት የመታ በአብዛኛው ቢያንስ ግድየለሽ ይባላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የኛ ሰው። እኔ ግን ውሻው መጮኹ በራሱ መልካም ነው እላለሁ። ሳይጮህም ይቀር ነበር።

የይግባኙን ነገር ካላነሳሁ ደግሞ ይቆጨኛል። በኦገስት 2022 የካርልተኑ አምበል ፓትሪክ ክሪፕስ የብሪዝበኑን ካለም አ ቺን ገጨ። አ ቺ ኮንከሽን፣ የአንጎል መናጋት ማለት ነው፣ ደረሰበት። ክሪፕስ የ2 ጨዋታ እገዳ ተፈረደበት፤ ችሎቱም አጸናው። ሐሙስ ማታ ይግባኝ ሰሚው ተቀመጠ። ከረጅም ክርክር በኋላ ችሎቱ የሕግ ስህተት ሠርቷል ተብሎ እገዳው ተሻረ። ልብ በሉ፣ የአ ቺ ጭንቅላት አልተመታም ያለ የለም። የተጎዳው ሥነ ሥርዓቱ ነው፣ የታከመውም እሱ ነው።

ክሪፕስ ቀሪዎቹን ጨዋታዎች ተጫወተ። በዚያው ዓመት የብራውንሎው ሜዳሊያን በ29 ድምፅ አሸነፈ፤ ሁለተኛው ላቺ ኒል 28 ነበረው። ይህ ሜዳሊያ ደግሞ ዝም ብሎ የኮከብ ተጫዋች ሽልማት አይደለም። በችሎታው የላቀና በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ ተጫዋች የሚሸለምበት ነው፤ በዓመቱ የታገደ አይወስደውም። ጠበቃው ባይኖር ሜዳሊያው አይኖርም ነበር። እኔ ብሆን ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን ለጠበቃው እልክ ነበር።

ስለ ጨዋነት ካነሳን አይቀር፣ ሌላው የሚያኮራው ልማድ የመልካም ጠባይ ምስክር ነው። በ2024 የብሪዝበኑ ቻርሊ ካሜሮን በአደገኛ አያያዝ ሰው ጥሎ 1 ጨዋታ ታገደ። ከዚያ በፊት ታግዶ የማያውቅ፣ መልካም ስም ያለው ተጫዋች ነው ተባለ። ተባለ ብቻ አይደለም፣ እገዳው ተነስቶ በገንዘብ ቅጣት ተተካ። ጥሩ ነው። የወደቀው ሰው ጭንቅላትም መሬቱ ላይ ከማረፉ በፊት የጣለኝ ማን ነው፣ ጠባዩስ እንዴት ነው ብሎ ቢያጣራ ምናልባት ቀስ ብሎ ያርፍ ነበር።

የቀድሞዎቹን ስታዩ ደግሞ የዛሬዎቹ ጨዋዎች ናቸው። በፈረንጆቹ 1985 ሊ ማቲውስ፣ የጨዋታው ታላቅ ሰው፣ ኳስ በሌለበት ኔቪል ብረንስን መትቶ መንጋጋውን ሰበረው። የሜዳው ዳኛ አላየም። ሊጉ የ4 ሳምንት እገዳ ሰጠው፣ ፖሊስም ከሰሰው። ዛሬ የተጫዋቾች ማኅበር በየዓመቱ ለምርጡ ተጫዋች የሚሰጠው ዋንጫ የሊ ማቲውስ ዋንጫ ይባላል። በብረንስ መንጋጋ ስም የተሰየመ ሽልማት ስለመኖሩ አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ወደ ሕዝቡ ልምጣ። ሕዝቡ ባይኖር ይህ ሁሉ ጥበብ ብቻውን አይቆምም። አንዳንዴ ችሎቱ ይሳሳትና በርከት አድርጎ ይቀጣል። በ2024 ጂሚ ዌብስተር በልምምድ ጨዋታ ጃይ ሲምፕኪንን ገጭቶ 7 ጨዋታ ተቀጣ። ዳን ሂውስተን አይዛክ ራንኪንን ገጭቶ 5፣ ፒተር ራይት ሃሪ ከኒንግሃምን ገጭቶ 4። ያን ጊዜ ነው ለቅሶ የሚቀመጠው። ሬዲዮ ላይ ተደውሎ ጨዋታው ሞተ ይባላል። ፐብ ውስጥ ሆዱ ቢራ የቋጠረ ሰውዬ ፉቲ የሕፃናት ጨዋታ ሆነ ይላል። ይህ ሰው በሕይወቱ የመጨረሻ የገጨው ነገር የማቀዝቀዣ በር ነው። ግን ለጀግንነት ያለው ክብር፣ በተለይ በሌላ ሰው ጭንቅላት ለሚከፈል ጀግንነት፣ ልብ ይነካል። ሞተ የተባለው ጨዋታም በየሳምንቱ ስታዲየም ይሞላል። እንዲህ ያለ ጤነኛ ሟች አይቼ አላውቅም።

ሊጉም የሕዝቡን ስሜት ያዳምጣል። በ2021 በጉዳት ለሚወጣ ተጫዋች ብቻ የሚገባ የሕክምና ተቀያሪ ፈቀደ። ኮንከሽን የደረሰበት ተጫዋችም ቢያንስ 12 ቀን እንዲያርፍ ወሰነ። በ2023 ተቀያሪው የታክቲክ ተቀያሪ ሆነ፤ አሰልጣኙ በፈለገው ሰዓት የሚያስገባው ማለት ነው። ሐኪሙ ሁለት ዓመት አገልግሎ ወንበሩን ለአሰልጣኙ አስረከበ።

ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው ግን በሽታው ነው። ሲቲኢ ይባላል። ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚያመጣው የአንጎል በሽታ ነው። የማስታወስ ችሎታን ይበላል፣ ጠባይን ይለውጣል። ይሉኝታ ያለው በሽታ ስለሆነ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው። የውድድር ፕሮግራም አያናጋም። በ2019 ያረፈው ባለዝናው ፖሊ ፋርመር እንደነበረበት የታወቀው በ2020 ነው። ቀጥሎ ዳኒ ፍሮሊ፣ ቀጥሎ ሼን ተክ። ከሴቶቹ ሊግ ደግሞ በ28 ዓመቷ ያረፈችው ሄዘር አንደርሰን። ፍሮሊ የብሬሾ ባለቤት አባት ነው። ያ ቤት ስለዚህ በሽታ ከማንም ፕሮፌሰር በላይ ያውቃል፤ ለችሎት ምስክርነት ግን አልተጠራም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንል ነበር። ፉቲ ይህንንም አሻሽሎልናል። እዚህ የተወጋውም ይረሳል።

አሁን ደግሞ ማክሰኞ ማታ የማይበቃው ክስ መጥቷል። በ2023 የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን በቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጋራ ከሰሱት። ግንባር ቀደሙ ከሳሽ የጂሎንጉ የቀድሞ ተጫዋች ማክስ ሩክ ነው። ሊጉ ስለ ጭንቅላት ምት አደጋ እያወቀ ልንጠበቅ ሲገባ አልጠበቀንም ነው የሚሉት። እኔ ለሊጉ አልሰጋም። ጥሩ ጠበቃ አለው፣ ጥሩ ጠባይ አለው፣ አበባና ወይንም አያጣም። ያው ፕሮፌሰር ቀርበው ለማሰብ ስንት ጊዜ እንደነበረው ያስሉለታል። ከማቲውስ ቡጢ ጀምረው ቢቆጥሩ እንኳ፣ ቢያንስ ከሰከንድ ክፍልፋይ ትንሽ ከፍ ይላል።